ዳኛው ቀጠሮ ከለከሉኝ፤ ይግባኝ ሰሚው ይሽርልኛል?

አንድ አንባቢ ረዘም ያለ ደብዳቤ ልከውልኛል። አሳጥሬ ላቅርበው።

«አዲስ አበባ ውስጥ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በብድር ተከስሻለሁ። ከሳሽ 1,200,000 ብር አበድሬዋለሁ ይላል። ውሉ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ አልካድኩም። ግን ከፍዬ ጨርሻለሁ። 900,000 ብሩን በከሳሽ የባንክ ሒሳብ አስገባሁ። ቀሪውን 300,000 ብር በእጁ ሰጠሁት፤ ስሰጠው አብሮኝ የነበረ ሰው አለ። ምስክር በሚሰማበት ቀን ይህ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ቀጠሮ ይለወጥልኝ ብዬ ለመንኩ። ዳኛው አንድ ጊዜ ተለውጦልሃል፣ ይበቃል ብለው ምስክር የማሰማት መብቴን አለፉት። በዚያው ዕለት የባንኩን ደረሰኝ አውጥቼ ሰጠሁ። እሱንም በማስረጃ ዝርዝርህ ላይ የለም ብለው መለሱልኝ። መዝገቡ ለፍርድ ተቀጥሯል። አሁኑኑ ይግባኝ ልበል? ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የዳኛውን ትእዛዝ ይሽርልኛል? አሜሪካ ያለች እህቴ እዚያ ‹አቢዩስ ኦፍ ዲስክሬሽን› የሚባል ነገር አለ ትላለች። እኛ ጋ አለ?»

ስለደረሰብዎ ነገር አዝናለሁ። «መብትህ ታልፏል» የሚለውን ቃል ችሎት ፊት ቆሞ መስማት ከባድ ነው። ከፍያለሁ ለሚል ሰው ደግሞ ይብሳል።

አሁኑኑ ይግባኝ ልበል ለሚለው መልሴ አጭር ነው። አይበሉ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 320(3) በክርክር መሃል በሚሰጡ ትእዛዞች ላይ ለብቻቸው ይግባኝ እንዳይባል ይከለክላል። በምሳሌነት የሚጠራቸው ቀጠሮን፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያን፣ ማስረጃ መቀበልና አለመቀበልን፣ በደሀ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍሉ፣ ለመክሰስ መፍቀድን ነው። የእርስዎ ሁለቱም ቅሬታዎች እዚህ ውስጥ በስማቸው አሉ። ዛሬ ይግባኝ ቢያስገቡ የዳኝነት ገንዘብ ከፍለውና ተመላልሰው ጊዜው አልደረሰም ተብለው ይመለሳሉ።

ቅሬታዎ ግን አልሞተም። ያው ንዑስ ቁጥር የመጨረሻው ፍርድ ተሰጥቶ ይግባኝ ሲባል እነዚህ ትእዛዞች የይግባኝ ምክንያት ሆነው እንዲነሱ ይፈቅዳል። እስከዚያ ይቆያል ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? በአንድ መዝገብ ላይ ስንት ትእዛዝ እንደሚሰጥ ያስቡት። በእያንዳንዱ ይግባኝ ቢባል መዝገቡ ላይና ታች ሲመላለስ ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ የሚጠቀመው ጊዜ መግዛት የሚፈልገው ወገን ነው። ደግሞም ብዙው ቅሬታ መጨረሻ ላይ ዋጋ ያጣል። እርስዎ ነገ ቢረቱ የተከለከሉትን ቀጠሮ ማን ያነሳዋል?

እርግጥ መጠበቅ የማይቻልበት ነገር አለ። ሰው እንዲታሰር፣ ንብረት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ የሚያዝ ትእዛዝ፣ ወይም አካልን ነፃ የማውጣት (ያለ ሕግ የተያዘ ሰው ይለቀቅ የሚል) ጉዳይ ከሆነ ቁጥር 320(4) ወዲያውኑ ይግባኝ ማለትን ይፈቅዳል። ጉዳቱ በኋላ በፍርድ የሚመለስ ስላልሆነ ነው። የእርስዎ ከዚህ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ይግባኝ ሰሚው እንዲህ ያለውን ትእዛዝ በምን ዓይን ያየዋል?

ሕግ ለዳኛ ሥራ የሚሰጠው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል አይደለም። አንዳንዱ ቦታ «አለበት» ይላል። ለምሳሌ መጥሪያ በአግባቡ ሳይደርሰው በሌለበት የተፈረደበት ሰው ይህንኑ ካስረዳ ፍርዱ መነሳት አለበት። ዳኛው ምርጫ የለውም። ሌላ ቦታ ደግሞ ሕጉ «ይችላል» ወይም «በቂ ምክንያት ሲኖር» ይላል። ቀጠሮ መለወጥ እንዲህ ነው። የክስ ማመልከቻን ወይም መልስን ማሻሻል (ቁጥር 91) እንዲህ ነው። ማስረጃ ከጊዜው በኋላ መቀበልም፣ ኪሳራ፣ ማለትም የክርክር ወጪ፣ መቁረጥም (ቁጥር 462) ከዚሁ ወገን ናቸው። ይህን የዳኛ ሥልጣን ነው ፈቃደ ሥልጣን የምንለው። ጠበቆች እርስ በርስ ሲያወሩ ዲስክሬሽን ይሉታል።

«አለበት» ያለው ነገር ከተጣሰ ይግባኝ ሰሚው እንደ አዲስ ያየዋል፤ ስህተት ነው ካለ ስህተት ነው። «ይችላል» ባለው ላይ ግን እጁን ይሰበስባል። የይግባኝ ዳኛው «እኔ ብሆን ኖሮ ቀጠሮ እሰጥ ነበር» ብሎ ማሰቡ ብቻውን ለመሻር አይበቃም። የሥር ዳኛው ሰዎቹን በዓይኑ አይቷል። ስንት ጊዜ እንደተቀጠረ፣ ማን ሲያጓትት እንደቆየ፣ የዚያኛው ወገን ምስክር ከየት ተነስቶ እንደመጣ ያውቃል። ይግባኝ ሰሚው ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥሩ ዳኞች በአንድ ጥያቄ ላይ ሊለያዩ እንደሚችሉ ይቀበልና ሌላ ነገር ይጠይቃል። ዳኛው ሥልጣኑን በእርግጥ ተጠቀመበት? ወይስ ሳያይ አለፈው?

እህትዎ ልክ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ይህ መለኪያ አቢዩስ ኦፍ ዲስክሬሽን (ፈቃደ ሥልጣንን ያለአግባብ መጠቀም) የሚል ስም ወጥቶለት፣ በብዙ ፍርዶች ተብራርቶ ይኖራል። እኛ ጋ በአንድ አንቀጽ ተጽፎ የሚገኝ ነገር አይደለም። ከ«በቂ ምክንያት» ከሚለው ቃል፣ ዳኛ ምክንያቱን እንዲጽፍ ከሚያስገድዱት ድንጋጌዎች እና ከይግባኝ ደንቦቹ ተጣምሮ የሚወጣ ነው። ግን ሐሳቡ ሩቅ አይደለም። በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኡንጋር እና ሳራፋይት በተባሉ ሰዎች ጉዳይ ላይ ስለ ቀጠሮ መከልከል የተናገረው ለእርስዎም ይጠቅማል። መቼ የቀጠሮ ክልከላ መብትን እንደሚጥስ የሚያሳይ ሜካኒካዊ መለኪያ የለም አለ። መልሱ ያለው በየጉዳዩ ሁኔታ ውስጥ ነው፤ በተለይም ጥያቄው ውድቅ በተደረገበት ሰዓት ለዳኛው በቀረቡለት ምክንያቶች ውስጥ። በዚያ ጉዳይ ቀጠሮ የተከለከለው ሰው ተረታ።

«በዚያ ሰዓት ለዳኛው የቀረበለት» የሚለውን ልብ ይበሉልኝ። የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ እዚያ ላይ ነው።

ይህን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት። ጥብቅና በጀመርኩ ሰሞን የደንበኛዬ ምስክር ታሞ ቀረ። ተነስቼ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክራችን ታሟል፣ ቀጠሮ ይሰጠን» አልኩና ተቀመጥኩ። ወረቀት አልያዝኩም። የት እንደተኛ አልተናገርኩም። ምን እንደሚመሰክር አላስረዳሁም። መዝገቡ ላይ የሰፈረው «ተከሳሽ ምስክር ባለማቅረቡ መብቱ ታልፏል» የሚል አንድ መስመር ነው። ተረታን። ይግባኝ ስንል የሆስፒታል ማስረጃውን አያይዤ ሄድኩ። ከዳኞቹ አንዱ በትሕትና ጠየቁኝ። «ይህ ወረቀት ለሥር ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር?» አልቀረበም ነበር። ያልታየውን ነገር ባለማየቱ ዳኛውን ማን ይወቅሰዋል? ይግባኙ አያስቀርብም፣ ማለትም ሌላውን ወገን ለመልስ የሚያስጠራ አይደለም፣ ተብሎ ተዘጋ። የዚያን ሰው ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ታዲያ ይግባኝ ሰሚው መቼ ጣልቃ ይገባል? ዋነኛው ዳኛው ምክንያት ሳይሰጥ ሲቀር ነው። «አልተቀበልኩትም» ብቻ ከሆነ፣ ሥልጣኑ ይሠራበት አይሠራበት ማወቅ አይቻልም። ሌላው ዳኛው ሥልጣን እያለው የለኝም ሲል ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። «በዝርዝሩ ላይ ስለሌለ ሕጉ አይፈቅድልኝም» ያለ ዳኛ ፈቃደ ሥልጣኑን አልተጠቀመም። መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ፣ በቂ ምክንያት አለ ወይስ የለም የሚለውን፣ ጭራሽ አልጠየቀም። ይህ የሕግ ስህተት ነው። ይግባኝ ሰሚውም እንዲህ ያለውን ለማረም አያመነታም። ትእዛዙ መዝገቡ ውስጥ በሌለ ፍሬ ነገር ላይ ቆሞ ሲገኝም እንዲሁ። ለአንዱ ወገን ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጥቶ ለሌላው በባሰ ችግር አንድ ሲከለከልም ጥያቄ ይነሳል። ከዚህ ሁሉ የሚቀረው ምክንያቱ ተጽፎ፣ ትክክለኛው ጥያቄ ተጠይቆ፣ ግን ውጤቱ የትኛውም ሚዛናዊ ዳኛ የማይደርስበት ሲሆን ነው። ይህ አለ፤ ግን ብርቅ ነው። በእሱ ላይ ተስፋ ጥሎ ይግባኝ መጻፍ አልመክርም።

ስህተት መኖሩ ብቻ ደግሞ አይበቃም። የሥነ ሥርዓት ሕጋችን የጉዳዩን ፍሬ ወይም የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ያልነካ የአካሄድ ጉድለት ፍርድን እንዳያሽር አድርጓል። ስለዚህ ይግባኝ ሰሚው ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ። ያ ምስክር ቢሰማ፣ ያ ሰነድ ቢቀበል ኖሮ ውጤቱ ይለወጥ ነበር?

እዚህ ላይ ምናልባት ያልጠበቁትን ልንገርዎ። ከደብዳቤዎ እንደማየው በጣም የቆጨዎ የምስክሩ መታለፍ ነው። እኔ ግን የሚያሳስበኝ ደረሰኙ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በእምነት (ባለጉዳዩ ራሱ በማመኑ) ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ መሐላ ካልሆነ ሊረጋገጥ አይችልም ይላል። ይኸው ደንብ ብድሩ ለመመለሱም ይሠራል። 500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ሁላችንም እናውቃለን። ቁጥሩ ግን አልተቀየረም። ስለዚህ ምስክርዎ ቀርቦ «በእጁ ሲቆጥርለት አይቻለሁ» ቢል እንኳ ለ300,000 ብሩ ሕጉ የሚቀበለው ማስረጃ አይሆንም። ይግባኝ ሰሚው ቀጠሮው ያለአግባብ ነው የተከለከለው ብሎ ቢያምን እንኳ፣ ቢሰማም ለውጥ አያመጣም ነበር ሊል ይችላል። ይግባኝዎን በምስክሩ ላይ ብቻ ከሠሩት እዚያው ይወድቃል።

ለ300,000 ብሩ የሚቀርዎ የከሳሽ እምነት ወይም መሐላ ነው። ከሳሽ ይማል ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ግን በደንብ ያስቡበት። ሰውየው አልተቀበልኩም ብሎ ከማለ የዚያ ገንዘብ ነገር በዚያው ያከትማል። እግዚአብሔርን የሚፈራ መሆኑን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

የባንኩ ደረሰኝ ግን ጽሑፍ ነው። ከሳሽ በገዛ ሒሳቡ ገንዘብ መግባቱን ሊክድ ይከብደዋል። ምናልባት «ለሌላ ጉዳይ ነው የገባልኝ» ይል ይሆናል። ይበል፤ ያ በክርክር የሚታይ ነው። ዋናው ነገር ሰነዱ ከተቀበለ 900,000 ብር የሚያህለው የክሱ ክፍል ሊወድቅ ይችላል። ውጤት የሚለውጥ ማለት ይኸው ነው።

ዳኛው አልሳሳቱም የሚባልበት መንገድ እንዳለ ግን ልደብቅዎ አልፈልግም። ሕጉ ሁለቱም ወገኖች ማስረጃቸውን ከክሱና ከመልሱ ጋር ዘርዝረው እንዲያቀርቡ ያዛል። ዓላማው ማንም በድንገት እንዳይጠቃ ነው። ደረሰኙ በእጅዎ ሳለ በመርሳት ብቻ ከቀረ «በቂ ምክንያት» ለማለት ያስቸግራል። የእርስዎ ጠንካራ መከራከሪያ ግን እዚሁ ዓላማው ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ከሳሽ በራሱ ሒሳብ የገባን ገንዘብ ሲያይ ምን ድንገተኛ ነገር ይገጥመዋል? መልስዎ ላይ «በባንክ ከፍያለሁ» ብለው ጽፈው ከነበረ ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል። ነገሩ ከመጀመሪያው ተነስቷል፣ የዘገየው ማረጋገጫው ብቻ ነው ማለት ይችላሉ። መልስዎ ላይ ከፍያለሁ ሳይሉ ከሆነ ግን በይግባኝ እንደ አዲስ ማንሳት አይቻልም። መልስዎን አውጥተው ዛሬውኑ ያንብቡት።

ሌላም መንገድ አለ። ፍርድ ቤት እውነቱን ለማግኘት የሚያስፈልገውን ማስረጃ ራሱ ማስቀረብ ይችላል። ዳኞች በተግባር ለዚህ ቁጥር 136ን፣ 145ንና 264ን ይጠቅሳሉ። ይህም ፈቃደ ሥልጣን ነው፤ ግን መጠየቅ አለበት። መዝገቡ ለፍርድ ተቀጥሯል እንጂ ገና አልተፈረደም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የጽሑፍ አቤቱታ ያስገቡ። ደረሰኙ መቼ እንደተገኘ፣ ለምን በዝርዝሩ ላይ እንዳልነበረ፣ የትኛውን ጭብጥ እንደሚያስረዳ ይጻፉ። ባንኩ የዚያን ቀን ገቢ ለፍርድ ቤቱ እንዲያረጋግጥ ይታዘዝልኝ ይበሉ። በመዘግየቱ ከሳሽ ለደረሰበት ኪሳራ እከፍላለሁ ቢሉም ጥሩ ነው። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትሠራለች። የዚያኛው ወገን ጉዳት በገንዘብ ሊካስ እንደሚችል ታሳያለችና የዳኛውን ጭንቀት ታቀላለች። የምስክሩንም የሆስፒታል ማስረጃ ያያይዙት። ሕጉ ያን ያህል ባይረዳዎም፣ ያለበቂ ምክንያት አለመቅረቱ መዝገቡ ላይ ይታወቅ።

አቤቱታው ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። ያኔም ቢሆን አልከሰሩም። ዳኛው በምክንያት ውድቅ ካደረጉት፣ ይግባኝ ሰሚው የሚመረምረው ምክንያት ተገኘ። ያለምክንያት ካለፉት ደግሞ ራሱ ክፍተት ነው። ምንም ሳያስገቡ ፍርዱ ከተነበበ ግን መዝገቡ ላይ ያለው እንደኔ የያኔው አንድ መስመር ብቻ ይሆናል።

ከተረቱ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን አለዎት። ይግባኙ የሚሄደው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የፍርድ ግልባጩን በተፈረደ ማግስት ይጠይቁ። የይግባኝ ማመልከቻው ላይ የደረሰኙን ነገር ያስቀድሙ። «ዳኛው አድልተውብኛል» ብለው አይጀምሩ፤ ማስረጃ ከሌለዎት ይህ ቃል ጉዳይዎን ያበላሸዋል። ይልቅ ዳኛው የትኛውን ጥያቄ ሳይጠይቁ እንዳለፉ፣ ያ ሰነድ ፍርዱን እንዴት እንደሚለውጥ ያሳዩ። ቁጥር 345ን ይጥቀሱ። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመርሕ ደረጃ አዲስ ማስረጃ አይቀበልም። ነገር ግን የሥር ፍርድ ቤት መቀበል ሲገባው ያልተቀበለው ማስረጃ ከሆነ ይህ ቁጥር በሩን ይከፍታል። ለእርስዎ የተጻፈ ነው የሚያስብል ድንጋጌ ነው። ፍርድ ቤቱ ደረሰኙን ራሱ ሊያይ ወይም ጭብጥ ይዞ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ሊመልሰው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር ባጭሩ ላንሳ። ይህ ሁሉ ቀርበው ለተከራከሩ ነው። ባለመቅረባቸው በሌሉበት የተፈረደባቸው ሰዎች በቀጥታ ይግባኝ አይሉም። መጀመሪያ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት፣ ማወቃቸውን ተከትሎ በአንድ ወር ውስጥ፣ ፍርዱ ይነሳልኝ ብለው ማመልከት አለባቸው።

ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ካጸናው ወደ ሰበር መሄድ ይቻላል። ግን እዚያ መንገዱ ይጠብባል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው። «ምክንያቱ በቂ አልነበረም» የሚል ሚዛን የመስፈር ክርክር እዚያ ቦታ አያገኝም። «ዳኛው ሕጉ የሰጣቸውን ሥልጣን የለኝም ብለው ማስረጃዬን ሳይመዝኑ ቀሩ» የሚለው ግን የሕግ ጥያቄ ነው። ይህን ልዩነት ከአሁኑ ይያዙት። በኋላ የሚነሳው ክርክር በመጀመሪያው አቤቱታዎ ላይ ያልተጻፈ ከሆነ ማዳን ይከብዳል።

ይግባኝ ማለት አፈጻጸምን በራሱ አያግድም። ከተፈረደብዎ የዕግድ ጥያቄውን ከይግባኙ ጋር አብረው ያስገቡ፤ ዋስትና አስይዙ ሊባሉ ስለሚችሉ ይዘጋጁበት።

ደረሰኙን ደግሞ ዛሬ ፎቶ ኮፒ ያድርጉት። በማሽን የታተመ ስስ ወረቀት ከሆነ ቀለሙ እየደበዘዘ ይጠፋል። ገንዘቡ ከራስዎ ሒሳብ የተላለፈ ከሆነ ቅርንጫፉ ማኅተም ያረፈበት የሒሳብ መግለጫ ይሰጥዎታል። በጥሬ ገንዘብ ከሳሽ ሒሳብ ላይ ያስገቡት ከሆነ ግን ባንኩ የሌላ ሰው ሒሳብ ነው ብሎ ይመልስዎታል፤ ያኔ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። የዚህ ሳምንቱ አቤቱታዎ ላይ ይህንኑ አንድ አንቀጽ ይጨምሩበት።